የእጥፋቱ መስመር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ለልጆቼ ሱሪ ስሰፋ ሲያድጉ እንዲለቀቅ ከታች ሰፋ ያለ እጥፋት እተዋለሁ። ወንዱ ልጄ፣ ሽቦ የምንለው፣ ጢም አውጥቶ እንኳ ይህን ልማዴን አልተውኩም። «እማዬ፣ ከዚህ በኋላ የማድገው ወደ ጎን ነው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አምና ሰክሮ ሰው ገደለ፤ እሱም በዚያው ጠብ ቆስሎ ሞተ። ሰባኪው ወንድሜ አልጋው አጠገብ ሆኖ ንስሐ እንዲገባ ለመነው። «ሰውዬው ቢነሳ ደግሜ እገድለዋለሁ» አለና አሸለበ።

ነገ ደግሞ እኔ የልብ ቀዶ ጥገና አለብኝ። እንደማልነቃ አውቄዋለሁ፤ ሐኪሙ ፈገግ ሲልልኝ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ወንድሜ ሊያጸልየኝ ሱቄ መጣ። ሴቷ ልጄ ጥግ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

«እትዬ፣ እሺ በይ እንጂ። ገነት ግቢ ነው ያልኩሽ፣ ጥርስሽን አስነቅዪ አላልኩሽ!»

«ሽቦ ሲኦል እየነደደ በየትኛው አንጀቴ ነው የምዘምረው?»

«እዚያ ሐዘን የለም። ከልብሽ ይጠፋል። እንዳልወለድሽው ትሆኛለሽ።»

«እጥፋት ሲለቀቅ መስመሩ በካውያ እንኳ አይጠፋም። ልጄ እንዴት ይጠፋል? እሱን የማታውቅ ሴትዮ ብትገባ፣ እኔ ነኝ የገባሁት?»

«የታመመው ልብሽ ነው፤ ምላስሽስ ደህና ነው!»

ልጄ ቀና አለች። «እማዬ፣ እሺ በይው። ያለ አንቺ እዚያ ምን አደርጋለሁ?»

ወንድሜ ሊያጽናናት ብሎ፣ «አይዞሽ፣ እሷ ብትቀርም አይታወቅሽም» አላት።

መርፌው እጇ ላይ ቆመ። ፊቷን ሳይ አላስቻለኝም። «እሺ» አልኩ። «ደስታህን ስጠኝ፣ ሐዘኔን ከነምክንያቱ አጥፋልኝ» እያለ ሲያስደግመኝ ቃል በቃል ደገምኩ። ወንድሜ ጉንጬን ስሞኝ እንባውን እየጠረገ ወጣ።

ልጄ አሜን አላለችም።

«ምነው የኔ እናት? ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔ ግን ቀርቻለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁላችንም ከረሳነው ከማን ጋር ሊሆን ነው? ሽቦ እኮ ጨለማ ይፈራል።»

ወንድሜን ልመልሰው በሩ ድረስ ሮጥኩ። ልቤ አላስኬደኝም፤ እሱም ከመንገዱ ታጥፏል። ተመልሼ ስቀመጥ ልጄ ሌላ ቁልፍ አንስታለች።

ነገ ካልነቃሁ እዚያ ገነት ደስ ይለኛል። ልጆች እንደነበሩኝም አላውቅም።