የማራገቢያው ገመድ

የራዲዮ ማሠራጫ ሥራው ምንድን ነው ብትሉኝ አየር ማሞቅ ነው እላችኋለሁ። ከሚጠጣው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ በጀርባው ይወጣል፤ አንቴናው ላይ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ያሳፍራል። ድምፅ፣ ፎቶና መልእክት አንድ ላይ በሰፊ ሞገድ ሲላኩ ምልክቱ አልፎ አልፎ ሽቅብ ይዘላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚውለው። ማሠራጫው ሳጥን ግን ለዚያች ዝላይ ሲል ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ይቀለባል። እንግዳ ይመጣ ይሆናል ብሎ በየቀኑ የሃምሳ ሰው ድስት የሚጥድ ሰው ብታዩ ምን ትላላችሁ? እኛ ይህን የምናደርገው ዲግሪ ይዘን ነው።

ነገሩ ሥራዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ። ታላቅ ወንድሜ ተራራ ላይ ያለ የራዲዮ ጣቢያ ጠባቂ ነው። ከታች ያሉት ጤና ጣቢያዎች ሆስፒታል የሚጠሩት በእሱ ሳጥን በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። ጣቢያው የሚኖረው በፀሐይ ነው። ቀን ባትሪው ይሞላል፣ ሲመሽ ሳጥኑ ያንን ባትሪ ምጥጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ወንድሜ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ያጠፋዋል፤ ካላጠፋው በማግስቱም አይነሳም። ምጥ ደግሞ ሰዓት አይመርጥም። ባለፈው ክረምት አንዲት አዋላጅ ስትጠራ አድራ ኖሮ፣ ጠዋት ሳጥኑን ሲያበራ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ የእሷ ነበር። «አሁንስ ተዉት» ነው ያለችው። ይህን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው።

እኔና አለቃ ዓመታት የለፋነው ለዚህ ነበር። አለቃ የምንላቸው የወርክሾፑን ኃላፊ ነው። ስታኞ አቅልጬ መበየድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እጄን አቃጥዬ ሳለቅስም «ብረቱ በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ አሁን ገባሽ» ብለው የሳቁብኝ እሳቸው ናቸው። የሠራነው ምልክቱን እየተከተለ ኃይሉን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መጋቢ ነው። ሲወራ ቀላል ነው። መጋቢው ቅንጣት ታህል ከዘገየ ግን ዝላዩ ይቆረጣል፣ ቆሻሻውም የጎረቤት ሞገድ ላይ ይደፋል። ስንቴ ፈታነው፣ ስንቴ ገጠምነው። በመጨረሻ ከሚጠጣው መቶ እጅ ሠላሳ ስምንቱን አንቴናው ላይ አደረስን። የወንድሜ ሳጥን ሃያ እንኳ አይሞላም። ለጣቢያዎቹ ሳጥን የሚገዛው ኮሚቴ ግን ከአርባ በታች አልቀበልም ብሏል።

በወርክሾፓችን አንድ ልማድ አለ። ሳጥኑን ስንቃኝ ሞተሩ ንባቡን እንዳይረብሸው የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ ከሚጠጣው ስንቱ አንቴናው ላይ እንደሚደርስ ከሚያነበው ሜትር ነቅለን ግድግዳው ላይ እንሰካዋለን። የመጨረሻው ቁጥር ከመነበቡ በፊት ግን ከመካከላችን አንዱ «ማራገቢያው ቤቱ ይግባ» ይላል፣ ገመዱም ወደ ሜትሩ ይመለሳል። ተራራው ላይ ማራገቢያውም የሚጠጣው ከዚያው ባትሪ ነዋ።

ኮሚቴው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ስገባ ሜትሩ አርባ ሦስት ይላል። ደስታዬ ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም። ጠረጴዛውን ዞሬ አየሁ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ፣ የማራገቢያው ገመድ ከጀርባ ተደብቆ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል።

«አለቃ፣ ማራገቢያው ቤቱ አልገባም።»

«አይገባም» አሉ። መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ምነው?»

«ሠላሳ ስምንት ስንት ሰው ያድናል?»

«ብዙ።»

«አርባ ካልተባለ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ያኔስ ስንት ያድናል?»

«ሶላሩን የሚገዙት እኮ በዚህ ቁጥር ልክ ነው፣ አለቃ። በሠላሳ ስምንት ከገዙ እስኪነጋ ይሠራል። አርባ ሦስት ካልናቸው ወንድሜ ጋ ባትሪው እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል።»

«አሁን የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊት አይሻልም?»

ገመዱን እንዳለ ትቼው ተቀመጥኩ። የከፋው ነገር፣ እሳቸው አልተሳሳቱም።

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሜትሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ሳጥኑ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው?» ብለው ጠየቁ።

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ። «የነደፈችው እሷ ናት፣ እሷ ትመልስ» አሉ። ከፍርሃት ይሁን ከፍቅር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያቺ አዋላጅ ታየችኝ። ቢያንስ ያኔ ሳጥኑ እንደሚጠፋ ታውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ብዬ ላታልላት ነው። «ማራገቢያው አያልፍም» አልኩ። ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ሜትሩ ላይ ሰካሁት። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ላይ ወረደ።

«ለሐቀኝነትሽ እናመሰግናለን» አሉ ሰብሳቢዋ። እጄን ጨብጠው፣ ደንቡ አርባ እንደሚል አስታውሰውን ወጡ።

አለቃ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጡረታ በወጡበት ቀን መበየጃቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይባላል» አሉኝ። «አንቺ ተናገርሽ። የመሸው ግን ወንድምሽ ላይ ነው።»

የእኛ ሳጥን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ። ኮሚቴው ካታሎግ አገላብጦ አርባ ስድስት የሚል ሳጥን ከውጭ ገዛ። እንድተክለው የተላክሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

ተራራው ላይ ወንድሜ ካርቶኑን በቢላዋ ቀደደ። ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ነበር ያቀፈው። ከጀርባው ያሉትን ገመዶች ሲፈታ ቆየና «ይሄ ሁለተኛው የምንድን ነው?» አለኝ።

አየሁት። ገመዱን በእጄ እስከ ጫፉ ተከተልኩት።

«የማራገቢያው ነው፣ ጋሼ።»

ሁለቱንም አንድ ላይ ሜትር ላይ ሰካሁና ለካሁ። ሠላሳ አራት። ከእኛው ያንሳል። ሶላሩ ግን በአርባ ስድስት ልክ ተቀንሶ መጥቷል። ሳቅሁ፤ ሳቄ ራሴንም አስፈራኝ። የእኔን ሳጥን ጠየቁት፣ እኔም መለስኩ። ካታሎጉን ግን የጠየቀው የለም።

«ቁጥሩን ተዪውና» አለ ወንድሜ ፊቴን አይቶ፣ «በስንት ሰዓት ላጥፋው?»

ባትሪውንና ሶላሩን አስልቼ «በሦስት» አልኩት። አለቃ የተመኙት እኩለ ሌሊት እንኳ አልሆነም።

ለሙከራ አበራነው። ከታች የአዋላጇ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «አዲሱ ነው? እሰይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ከእንግዲህ ሌሊትም እናገኛችኋለን ማለት ነው?»

ወንድሜ መነጋገሪያውን ወደ እኔ ዘረጋ።

«አንቺ መልሺላት» አለኝ።