የመምህርት ዘነቡ ቮልስ

መምህርት ዘነቡ ቮልሳቸውን ሲያስነሱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት በገዛ ደመወዛቸው ሲገዟት «ሴት መሪ ጨብጣ የት ልትደርስ!» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ቤሌም ደረሱ፣ ሁምቦም ደረሱ፤ ያ ሁሉ አፈኛ ግን ዛሬም በእግሩ ነው የሚሄደው።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅቤ ማኅበራቸው ሁለት ሴቶች ጋር የበዓሉን ቅቤ ሊያመጡ ወደ በዴሳ ሊነሱ ሲሉ፣ ልጃቸው ኤልሳዕ አንዲት ትንሽ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የግቢው በር ላይ አቁሞ ወረደ። ሰብስቤ የሚባል የአሮጌ መኪና ገዢም ይዞ መጥቷል።

«እማዬ፣ እስቲ ግቢና እያት! የቤንዚን ወረፋ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የኋላውን በካሜራ ታሳያለች። ቮልሷን ሰብስቤ ይወስድልሻል።»

መምህርት ዘነቡ ገብተው ተቀመጡ። እውነት ለመናገር ወንበሩ ይመቻል። የቮልሷ ወንበር ወገብ ይቆርጣል፤ ዝናብ ሲመጣም ጣሪያዋ ያፈሳል። ይህን አልካዱም።

«ታዲያ ቅቤውን የት እንጫነው?»

«ቅቤማ አይገባባትም! ሽታው መቼ ይለቃል? እሱን በሚኒባስ ይላኩልሽ። አንቺን ሾፌሩ ያመላልስሻል።»

«የምን ሾፌር?»

«እኔ የምቀጥረው። ሰው ምን ይላል እማዬ? የቢሮ ኃላፊ እናት በዚህ ቆርቆሮ!»

ደማቸው ፈላ። የሚወሰደው ቮልስ ብቻ እንዳልሆነ ገባቸው። ከእንግዲህ በዴሳ ለመሄድ ልጃቸውን ሊያስፈቅዱ ነው።

«ሊብሬው በማን ስም ነው?»

«በእኔ። ያው አይደል እንዴ?»

«ያው አይደለም!» ወርደው በሩን ድርግም አደረጉት። «ለጊፋታ ቅቤ የማትጭን መኪና ወላይታ ምን ልትሠራ መጣች? ቮልሷን ስገዛ አባትህን አላስፈቀድኩም፤ አንተን ላስፈቅድ ነው?»

ሰብስቤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ በዋጋው እንነጋገር…»

«መኪና መግዛት ካማረህ የሱን ግዛ።»

ሴቶቹ እየሳቁ ከኋላ ተሳፈሩ። ቮልሷ ሁለት ጊዜ አሳላትና ግቢውን በጢስ ሞላችው። አዲሷ መኪና ግን መውጫውን እንደዘጋች ናት። መምህርት ዘነቡ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ኤልሳዕ! ወይ አንሳት፣ ወይ ገፍቼያት እወጣለሁ።»

ኤልሳዕ እናቱን ያውቃል። ሮጦ አነሳት።