የትኛው ክፉ ቀን?

ልብስ ሰፊዋ የአምስት ዓመት ቁጠባዋን ሙልጭ አድርጋ ስልሳ ጣቃ ጨርቅ ልትገዛ ቆርጣለች። የጨርቅ ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል፤ ነጋዴው ደግሞ «እስከ ምሳ ሰዓት ካልደወልሽ ለሌላ ሰው እሸጠዋለሁ» ብሏታል።

ወሬ ስለማያመልጠው ቤተሰቡ «ሬዲዮ» የሚለው ወንድሟ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ገንዘብሽ እኮ እጅሽ ላይ እየሟሸሸ ነው። በክፉ ቀን የተረፈው ዕቃ የያዘ ነው። አይደል እቴቴ?»

እቴቴ አክስታቸው ናት። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጣለች፤ ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ በመትከል የወንድሟን ልጅ ታግዛለች። መርፌዋን ሳታቆም፣

«የትኛው ክፉ ቀን?» አለች።

«ገንዘብ የተቀየረበት ነዋ!»

«እሱማ የመጀመሪያው ነው። አባቴ ፍራሽ ውስጥ የደበቀው ገንዘብ በአንድ ጀንበር ወረቀት ሆኖ ቀረ። እኔም ተማርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘብ እጄን ፈጀኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ጨርቅ ገዛሁበት። ሁለተኛው ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ገንዘብ አልተቀየረም፤ ሥራ ጠፋ። ሰው የሚበላው ሲያጣ አዲስ ቀሚስ ያሰፋል? ያለውን ኮት ውስጡን ወደ ውጭ እያስገለበጠ ለበሰ። ጨርቄን ብል በላው።»

«ይሄን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?» አላት ሬዲዮ።

«ሞኝነቴን ልተርክላችሁ? ብልጠቴ ይበቃችኋል ብዬ ነዋ!»

ሬዲዮ ባትሪው እንዳለቀ እግሩን ማወዛወዙን አቆመ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። በቤታቸው «ክፉ ቀን» ሲባል ሁልጊዜ አንድ ቀን ነበር፤ መፍትሔውም አንድ። አክስቷ ግን የተጎዳችው ሳትማር ቀርታ አይደለም፤ አንዱን ትምህርት የሙጥኝ ብላ ነው። የሚመጣውስ የትኛውን ይመስል ይሆን? ይህን የሚያውቅ የለም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀብድ የተቀበለችባቸው ልብሶች። ደብተሯን ገልጣ አሰላች፤ ስልኩንም አነሳች።

«ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ጣቃ ይበቃኛል።»

«ስልሳ አላልሽም እንዴ? ነገ እጥፍ ሲሆን ታለቅሻለሽ!»

«የሃያ ሁለቱን ለባሾች አውቃቸዋለሁ፤ የሠላሳ ስምንቱን አላውቅም።»

«የቀረውን ገንዘብ ምን ልታደርጊው ነው?» አላት ወንድሟ ስልኩን ስትዘጋ።

«ግማሹ ባንክ ይቀመጣል። በግማሹ ሁለተኛ ማሽን እገዛለሁ፤ አዲስ ከመጣ አዲስ እሰፋበታለሁ፣ አሮጌ ከመጣ እገለብጥበታለሁ።»

በሳምንቱ የጨርቅ ዋጋ ጨመረ። ልብስ ሰፊዋ እንደ ማንኛውም ሰው ተቆጨች፤ ቁጭቱ ግን እንቅልፍ አልነሳትም።