ሁሉም ሰው ያነከሰበት ካሴት

ወርቅውሃ ጣቷን በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ተክላ፣ «ያቻትና! ልጄ ሸጊቱ ያቻትና! አረማመዷን አታዩም? በቀኝ እግሯ ታነክሳለች!» ብላ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ሙዘይን አብሯት አልተደሰተም። ምክንያቱን እሱና አላህ ብቻ ያውቁታል። በዚያ ካሴት ላይ የማያነክስ ሰው አልነበረም።

ሙዘይን በሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሰርግ እየቀረጸና ካሴት እያባዛ የሚኖር ጎንደሬ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሰዉ ድንበሩን እየተሻገረ ሲጎርፍ፣ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ከሁለት መጠለያዎች የተቀረጹ ሁለት ካሴቶች አምጥቶ፣ «አንድ ላይ አድርግልኝ፤ ዘመድ የጠፋበት እያየ ይፈልግ» አለው። አንዱ ካሴት በሱዳኑ ልክ የተቀረጸ ስለነበር አላስቸገረም። መከራው ሁለተኛው ነው። የአሜሪካ ካሜራ በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል ያነሳል፤ የሙዘይን መቅጃ ከሃያ አምስት በላይ አይቀበልም። ሁለቱን የሚያስታርቅ መሣሪያ ደግሞ ካርቱምም መኖሩን እንጃ። ሙዘይን ሁለቱንም የሚያሳይ፣ ከጅዳ የመጣ ቴሌቪዥን ነበረው፤ የአሜሪካውን በሱ ላይ አጫወተና፣ የራሱን ካሜራ ፊት ለፊቱ ገትሮ ከመስታወቱ ላይ ቀረጸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! በየሰከንዱ አምስት ሥዕል እየተዋጠ፣ የሚራመደው ሁሉ እንጣጥ እንጣጥ አለ፤ በላዩም ጥቁር ጥላ ይመላለስበት ጀመር። «ፊት ከታየ ምን ቸገረኝ» ብሎ አለፈው። ዋናውን ካሴት ሰውየው ይዞት ከሄደ ሰነበተ።

አሁን የሹፌሩ የአሊ የጭነት ሎሪ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ልጅቱ በአሜሪካው ካሴት ወደታየችበት መጠለያ የሚሄደው የመጨረሻው ሎሪ ነው፤ ኸሪፉ፣ የሱዳኑ ክረምት፣ ከገባ ያ ጥቁር አፈር ጎማ አያሳልፍም፤ የሄደ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ይቀራል። ወርቅውሃ ደግሞ ገና ከአገሯ ስትነሳ ለልጇ፣ «ከተጠፋፋን ገዳሪፍ ገበያ ጠብቂኝ» ብላታለች። ይቺ ሌላ ሆና፣ እውነተኛይቱ ሸጊቱ እዚህ መጥታ እናቷን ብታጣስ? ሁለት ባላ ትከል ይላል ያገራችን ሰው፤ ምስኪኗ ወርቅውሃ ግን አንድ ባላ እንጂ አልነበራትም።

«እታለም፣ ቆዪ። ስሚኝማ።»

«ምኑን ልስማህ ወንድምዓለም! እግዜር ይስጥህ! ከወንዝ ስትወጣ ወድቃ ከተሰበረች ወዲህ እኮ፣ እንስራውን ከጀርባዋ የማወርድላት እኔ ነኝ። አረማመዷ ይጠፋኛል?»

ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? ግን እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሻላል። ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። «ያን ሽማግሌ እዪው፤ ያነክሳል? ያችኛዪቱስ? ፈረንጁስ? ሁሉም ያነክሳል። ወላሂ፣ ያነከሰው የኔ ካሴት ነው።»

ወርቅውሃ አየች። ሽማግሌውንም ፈረንጁንም አየች። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «እንግዲያ ፊቷን አሳየኝ!»

ፊት የለም። ልጅቱ የውሃ ቆርቆሮ በጀርባዋ አዝላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከካሜራው አጠገብ አልፋ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች።

«ያ ሙዘይን!» አሊ ጥሩምባውን ነፋ። «ሰማዩን አታይም እንዴ? ያላ፣ እንሂድ!»

ሙዘይን ካሴቱን እንደገና ወደ ኋላ መለሰው። እንዲሁ ሲነካካ ድምፅ የሚጨምረውን ቁልፍ አዞረውና ሱቁ በሳልና በሕፃን ልቅሶ ተሞላ። ክው አለ። ድምፁ! ድምፁን በካሜራ መች ቀዳው? ከማጫወቻው ወደ መቅጃው በሽቦ ነው ያሻገረው። ድምፅ በሥዕል አይቆጠርም፤ ከሱ የተዋጠ የለም።

ጥምጣሙን ፈታና ቴሌቪዥኑን ሸፈነው። «ዓይንሽን ተዪው፣ እታለም። በጆሮሽ ስሚ።»

የሽማግሌው እርምጃ አለፈ፤ ጠጠሩ ላይ እኩል እኩል፣ ከነከዘራው። ፈረንጁም በጫማው እኩል አለፈ። ከዚያ አንድ ረጅም እርምጃ፣ አንድ አጭር መጣ። ረጅም፣ አጭር። ባጭሩ ላይ የቆርቆሮው ክዳን ቀጭ ይላል።

ወርቅውሃ «እሷ ናት» አላለችም። ዓይኗን እንደጨፈነች ተነሣች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን ዘረጋች፣ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው።

«ቀስ በይ ሸጊትዬ» አለች፤ «እንዳታፈሽው።»

ሙዘይን ጥምጣሙን ሳያነሳ፣ ባዶ ራሱን ወደ በሩ ሮጠ።

«አሊ! ቁም! አንድ ሰው ቀርቷል!»