የመስቀል ማግስት የተወለደች መራጭ

ባለቤቴ ኤርጎጌ በሞተች በስምንተኛው ወር ለምርጫ ተመዘገበች።

በደቡብ አፍሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ማኅበር ምርጫ ነበር። ሱቅ ዘግቶ ጀርሚስተን ከተማ ወዳለው ቢሮ ድረስ መሄድ ስለማይመቸን፣ በጎ ፈቃደኞች ሱቆቻችን ባሉባቸው የጥቁሮች ሰፈሮች፣ በየሎኬሽኑ፣ እየዞሩ ፎርም ያስሞሉን ነበር። እኛ ዘንድ ቮስሎሩስ የዞረው ጌዴዎን ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሰው ስም ይሞላል የሚል ሐሜት ሲመጣ ደስ ብሎኝ ሰማሁት። እሱና ኤርጎጌ ሆሳዕና የአንድ ግቢ ልጆች ነበሩ። በሕይወት ሳለች ሱቃችን ሲመጣ እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች እያነሱ ይሳሳቁ ነበር፤ እኔ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦ እሸጥ ነበር።

የመራጮች ዝርዝር ለተቃውሞ ሲለጠፍ ስሟን አየሁት። አስመራጯ ሰርክአዲስ ፎርሙን አውጥታ አሳየችኝ። ፊርማው የኤርጎጌ አይደለም፤ እሱስ አላስገረመኝም። የልደት ቀን በሚለው ቦታ ግን «መስከረም 18» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ የማውቀው የጥገኝነት ወረቀቷን ነው። ጃንዋሪ አንድ ይላል። የእኔም እንደዚያው ነው፤ ቀኑን በወረቀት ማስረዳት ያልቻለ ሁሉ የሚሰጠው ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቀን ኬክ ገዛሁላት። ትስቅና ትበላ ነበር።

ጌዴዎን ማኅበርተኛው ፊት ተጠራ።

«የሞተ ሰው መዝግበሃል» አለችው ሰርክአዲስ።

«በሕይወት እያለች ልትመዘገብ ቃል ገብታልኝ ነበር።»

«እና ለቅሶው ላይ አስፈረምካት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ስለ ፊርማው አልጠየቅሁም።

«መስከረም 18ን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመስቀል ማግስት ነው የተወለደችው። ያዋለደቻት እናቴ ናት። አልነገረችህም እንዴ፣ ዱካሞ?»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። ሞታ እንኳ ከእኔ ይልቅ እሱ ዘንድ የቀረች መሰለኝ።

ሰርክአዲስ የተቃውሞ ወረቀት ሰጠችኝ። «ወንድም ዱካሞ፣ ሐሰት የሆነውን ሁሉ ጻፍልን።»

መሞቷን ጻፍኩ። ፊርማው የእሷ እንዳልሆነ ጻፍኩ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። የልደት ቀኗም ሐሰት ነው፣ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለደችው ብዬ ጨመርኩበት።

ጌዴዎን በትከሻዬ አሻግሮ አነበበው። «ሌላውን አልክድም» አለኝ። «ይኼን ግን ተወው። ሥጋዋን ቀብረናል፣ ቀኗን እንኳ ተውላት።»

«ባሏ እኔ ነኝ» አልኩና ፈረምኩ።

በእኔ ምስክርነት በዚያው ዕለት ጌዴዎን ያመጣቸው ከሁለት መቶ በላይ ፎርሞች ውድቅ ሆኑ። ሰዎች አመሰገኑኝ፤ ጀግና ያለኝም ነበር። ሰርክአዲስ የኤርጎጌን ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በስሟ፣ በፊርማው፣ በመስከረም 18 ላይ መስመር ሳበች፤ ከጎኑም «ሐሰት፣ ባል መስክሯል» ብላ ጻፈች።

በዚህ አገር እውነተኛው ቀኗ የሰፈረበት ሌላ ወረቀት የለም።