ደረቁ ዝግባ

በእኛ ጊዜ ሰዓት በየቤቱ አልነበረም፤ በቀቀኖቹ ነበሩ። ጭጋጉ ከአማቶሌ ተራራ ሳይነሳ ከላይኛው ጫካ እየተንጫጩ ይወጡና በመንደራችን አናት አልፈው ፍሬ ወዳለበት ሸለቆ ይወርዳሉ። አረንጓዴ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ብርቱካናማ ጣል ያለባቸው። አዲስ ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ጊዜ አማቴ፣ "በቀቀኖቹ ካለፉ በኋላ የምትነሳ ምራት እኔ ቤት የለችም" ብለውኛል። ልጆቼ፣ በዚያ ድምፅ ስንት ዓመት እንደነቃሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ከዚያ ወደ እንጨት ለቀማ ነው። ስድስት ሰባት ሴቶች ሆነን፣ በአንድ መስመር፣ እየዘፈንን። እኛ ዘንድ የሚስት ክብሯ በግቢዋ የሚታየው የእንጨት ክምር ነው። አላፊ አግዳሚው እሱን አይቶ ይፈርድባታል። ለዕለት ምድጃ አይነካም፤ ለትልቅ ጉዳይ ይጠበቃል፤ ያኔም ቢሆን ጨርሶ ባዶ አይደረግም። የእኔ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ባሌ ዝወሊንዚማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንግዳ ሲመጣበት ሆን ብሎ በክምሬ በኩል አዙሮ ያስገባ ነበር።

ምስጢሬ ደረቅ ዝግባ ነበር። የደን ጠባቂው የፈቃድ ወረቀት ሲሰጠን፣ "ደረቁን ውሰዱ፣ እርጥቡን እንዳትነኩ" ይለናል። እኔም አንድ ቀን እንኳ በለምለም ዛፍ ላይ መጥረቢያ አላነሳሁም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ቆሞ የደረቀ ዝግባ ካየሁ ግን ሌላ ሴት ሳትቀድመኝ ወንዶቹን ጠርቼ አስጥለዋለሁ።

በቀቀኖቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ መጀመሪያ ልብ ያለው የለም። ሰማይ የሚያለብሱት ሃያ ሆኑ፤ ኋላ አንዳንድ ማለዳ ጭራሽ ዝም። ሰው ምክንያት ይደረድራል፤ ወጥመዱን፣ በሽታውን፣ መጋዞቹ የጨረሷቸውን ትልልቅ ዛፎች። ሁሉም እውነት ነው። ራሴን ግን እዚያ ውስጥ አልቆጠርኩም።

ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት መንፈሱን ወደ ቤቱ የምንመልስበት ድግስ ደረሰ። ቅዳሜ በሬ ይታረዳል፤ መንደሩ ሁሉ በልቶ የማሽላ ጠላ ጠጥቶ ይውላል። ሰኞ ዕለት የባሌ ታላቅ እህት ኖንዛሜ መጡ።

"ማራዴቤ" አሉኝ፣ በጎሳዬ ስም። "እንጨቱን ከየት አሰብሽው? ክምርሽን እንዳትነኪ። በድግስ ማግሥት የወንድሜ ግቢ ባዶ ሆኖ እንዲታይ አልፈልግም።"

"ወንዙ ዳር ያለው ደረቅ ዝግባ አለ፣ ሲሲ። ምፑምዚ ሐሙስ ይጥለዋል።" ምፑምዚ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሲሲ ማለቴ ደግሞ እህቴ ማለቴ ነው።

ይህን ጎረቤቴ ቩዮካዚ ሰማች። አስተማሪ ናት፤ በየዓመቱ ከሌሎች ጋር ተራራው ላይ ተቀምጣ በቀቀን ትቆጥራለች። አጥሩ ላይ ተንጠላጥላ፣ "ማማ፣ እሱን ዛፍ እባክዎ ይተዉልኝ! ሁለት በቀቀኖች ሦስት ሳምንት ሙሉ ግንዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ እየተመላለሱ ሲያዩት ነው የከረሙት። እንቁላል የሚጥሉት እንዲህ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሲያገኙ ነው" አለችኝ።

"የሞተ ዛፍ ለማን ይጠቅማል?"

"ለእነሱ።"

ኖንዛሜ ሳቁባት። "ይህቺ ተማሪ ጠፍቷት ነው ወፍ የምታስተምረው? አንቺ ልጅ፣ የወንድሜን መንፈስ ለወፍ ብለሽ ደጅ ልታሳድሪብኝ ነው?"

እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ረቡዕ ዕለት ዶሮዬ ከክምሩ ሥር እንቁላል ደብቃ ኖሮ፣ እሱን ፍለጋ ከታች ያሉትን ግንዶች ሳብኩ። አንዱ ክብ ቀዳዳ አለው። ጠርዙ በምንቃር ተከርክሞ ለስልሷል። እጄን ብሰድ የእንጨት ፍርፋሪ፣ ከፍርፋሪው መሀል ደግሞ ስባሪ ቅርፊት፤ ነጭ፣ ከዶሮ እንቁላል ያነሰ። ግንዱን አወቅሁት። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያመጣሁት፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ አይከብድም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ፈልጌ ሌላ አገኘሁ። ሦስተኛም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት በጧት የሚቀሰቅሱኝን ወፎች ቤት እያፈረስኩ ነበር የምከምረው፤ ያውም በወረቀት ተፈቅዶልኝ።

ሐሙስ ጧት ምፑምዚ መጥረቢያውን ስሎ መጣ፤ ኖንዛሜም አብረውት።

"ዛፉ አይቆረጥም" አልኩ። "ክምሬን አፍርሱት።"

"ማራዴቤ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?" አለ ምፑምዚ። "ይሄን መጥረቢያ ግማሽ ቀን ነው የሳልኩት!"

"እንግዲያው ፍለጥበት።"

ኖንዛሜ ወገባቸውን ያዙ። "ክምር የሌላት ሚስት ሆነሽ ነው ወንድሜን የምትቀበይው?"

"ሲሲ፣ በክምሬ ብቻ ከሆነ የሚያውቀኝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ምን ይሠራ ነበር እኔ ዘንድ?" ቀዳዳ ያላቸውን ግንዶች አሳየኋቸው። "ይኸው ክብሬ። ይኸው የማን ቤት እንደነበረ። እኔ ነኝ ያፈረስኩት።"

እጃቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ዳሰሱ። ቅርፊቱን አይተው ወደ ቦታው መለሱት፤ ምፑምዚም ክምሩን ማፍረስ ጀመረ። ኖንዛሜ እስከ ቅዳሜ ማታ አላናገሩኝም።

ድግሱ አማረ። እሳቱ ነደደ፣ ሥጋው በሰለ፣ ሽማግሌዎቹ በረቱ ውስጥ ቆመው ዝወሊንዚማን በስሙ ጠሩት። ሦስቱን ግንዶችም በእጄ ማገድኳቸው፤ እንዳልረሳቸው ብዬ ማስቀመጥ አላስፈለገኝም።

እሑድ ጧት ክምሩ የነበረበት መሬት ሣር የሌለበት ገርጣ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሴቶች እያዩት አለፉ። አንዷ ቆም ብላ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። እርቃኔን የቀረሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ አልዋሻችሁም።

በዚህ መሀል ኖንዛሜ በአቀበቱ ብቅ አሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ጭንቅላታቸው ላይ አንድ ሸክም እንጨት። መጥተው ገርጣው ቦታ ላይ ዷ አደረጉት።

"ላንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ" አሉ እያለከለኩ። "አላፊው በወንድሜ ቤት እንዳይስቅ ነው። ነጮቹ ከሌላ አገር አምጥተው የተከሉት ግራር ነው፤ ወፍ ካደረበት ንገሪኝና እመልሰዋለሁ።"

"ብቻዎን ከየት አመጡት?"

"ከማዶ ካለው ገደል። መንገዱ ክፉ ነው። ምን ታዪኛለሽ? ሻሽሽን እሰሪና ነይ! ይሄ ክምር ይባላል?"

ወረድን። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ። የእንጨት ለቀማውን ዘፈን ጀመሩት፤ ግማሹን ረስተውታል፤ የቀረውን እኔ ሞላሁላቸው።