ሻካራው ረድፍ

መተላለፊያው አራት ሜትር ይረዝማል፤ አንድ ሜትር ይሰፋል። በአንዱ ጫፍ የእናትየው መኝታ ቤት፣ በሌላው ጫፍ ማድቤቱ አለ። ማድቤቱ ከመተላለፊያው በአንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ የደረጃው ቁመት አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ በየጎኑ ሃያ ሳንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ ተነጥፏል፤ በስፋቱ አምስት፣ በርዝመቱ ሃያ ረድፍ። ሟቹ አባት ሴራሚክ አንጣፊ ስለነበሩ ከየሥራው ቦታ የተረፈውን እየለቀሙ ነው የሠሩት። ሁሉም ለስላሳና ባለ አበባ ነው፤ የአንዱ አበባ ግን ከሌላው ይለያል። ወደ ማድቤቱ ሲቃረብ ያለ አንድ ረድፍ ብቻ ግራጫና ሻካራ ነው።

ያ ረድፍ የተነጠፈው ለእናትየው ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ አሁን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት አያልፍም። ቢሆንም በባዶ እግራቸው፣ ግድግዳ ሳይዙ፣ ሰው ሳይደግፋቸው ከመኝታ ቤት ማድቤት ይመላለሳሉ። ሻካራው እግራቸውን ሲነካው አንድ እርምጃ ይጨምራሉ፤ በሁለተኛው እርምጃ እግራቸውን ዝቅ አድርገው ደረጃውን ይወርዳሉ። ከሻካራው እስከ ደረጃው ስንት ረድፍ እንዳለ ግን ከቤቱ ሰው ቆጥሮ የሚያውቅ አልነበረም። ሌላው ሁሉ የሚሄደው በጫማ ነው።

ከወለሉ ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምርና ግድግዳው እርጥበት ሲያወጣ ወለሉን ማንሳት ግድ ሆነ። እናትየው የተስማሙት በአንድ ነገር ነው። ሥራው እስኪያልቅ እህታቸው ቤት ይሰነብታሉ፤ ሁሉም ቦታ ቦታው ካልተመለሰ ግን እዚያው ይቀራሉ። «ውሃ ልጠጣ በተነሣሁ ቁጥር ክንዴን የሚይዝልኝ ሰው ስጠብቅ አልኖርም» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ሴት ልጃቸው የምትሠራው የውሃ ናሙና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው፤ የምትኖረውም ከእናቷ ጋር ነው። ታናሽ ወንድሟ የአባቱን ሙያ ይዞ አንጣፊ ሆኗል። በደኅናው ቀን «እትዬ» ይላታል፤ ሊያበሽቃት ሲፈልግ «ሚሊ ሜትር»። ወለሉን ሊያነሳ በመጣ ዕለት እሱ መሮና መዶሻ ይዞ ነበር፤ እሷ ሜትር፣ ጠመኔና ስልኳን ይዛ ጠበቀችው።

ወለሉን በወረቀት ፕላስተር በየአንድ ሜትሩ ከፈለችው። ከዚያ ጀርባዋን ለመኝታ ቤቱ ሰጥታ፣ ስልኩን ከፊቷ ዘርግታ፣ እያንዳንዱን ሜትር ከላይ ወደታች አነሣችው። አራት ፎቶ ወጣ። አንዱ ከሌላው እንዳይደራረብ ብላ እያንዳንዱን ልክ በፕላስተሩ መስመር ላይ ከርክማ አስቀመጠችው። የደረጃው ጠርዝ እንኳ ከመጨረሻው ፎቶ ተቆርጦ ወጣ። ቀጥሎ ወንድሟ እየነቀለ ሲያቀብላት በየአንዳንዱ ጀርባ ቁጥር ጻፈች። ቧንቧ የሚያልፍበት ወለል አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርም ብለው አባትየው አሸዋ የበዛበት ሲሚንቶ ላይ ስላነጠፉት አንድም ሳይሰበር ወጣ።

ቧንቧው ተቀይሮ፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ወንድሟ ግቢ ውስጥ በሁለት ትልልቅ ሳፋ ሴራሚኩን ዘፍዝፎ አገኘችው። አሮጌ ሴራሚክ ተፍቆ ውሃ ካልጠጣ የሲሚንቶውን ውሃ ይመጥበታል፤ ሙያው የሚያዘው ይህንን ነው። የሳፋው ውሃ እንደ ወተት ነጥቷል።

«ቁጥሩስ?» አለችው።

ከሳፋው አንዱን አውጥቶ ገለበጠው። ጀርባው ጥርት ያለ ነበር። ሌላም አወጣ። ያም እንደዚያው ነው።

«በጠመኔ ነው እንዴ የጻፍሽው?» አለና ሴራሚኩን ወደ ሳፋው መልሶ፣ «ምን ላድርግ እንግዲህ፣ እንደ ሙሽራ ነው ያጠብኳቸው» አለ።

አልተጣላችውም። ፎቶዎቹ አሉ ብላ ገባች።

ፎቶዎቹ ግን ተዘበራርቀዋል። የመጀመሪያው ቀጥ ብሏል፣ ሁለተኛው በጎኑ ተኝቷል፣ ሦስተኛው ተዘቅዝቋል፣ አራተኛው እንደገና በጎኑ ነው። ስልክ ቆሞ ሲያነሣ የትኛው ጎኑ ወደ ምድር እንደሆነ ከክብደቱ ያውቃል። ወደ መሬት ተዘርግቶ ሲያነሣ ግን አራቱም ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ይገምታል፣ ወይም ቀድሞ በነበረበት ይቀጥላል። ይህን ታውቀው ነበር፤ በጊዜው ትዝ አላላትም።

ማቃናቱ በራሱ ከባድ አይደለም። ፎቶውን ከፍቶ፣ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ፣ የምትጠመዘዘዋን ቀስት መንካት ነው፤ አንድ ንክኪ ሩብ ዙር ያዞራል። በጎናቸው የተኙትን የግድግዳው ሥር ጠርዝ ለየላት፤ እሱ በግራና በቀኝ መሆን አለበት። ላይና ታቹን ለመለየት ደግሞ አበባውን ተከተለች። በመጀመሪያው ፎቶ የመኝታ ቤቱ መቃን ጥግ ገብታለች፤ የአበቦቹም ራስ ወደዚያው ያያል። ሌሎቹንም አበባቸው ወደ መኝታ ቤቱ ቀና እስኪል አዞረቻቸው። አራቱም ተሰልፈው ሲታዩ አንድ ወለል ሆኑ። በአራተኛው ላይ ሻካራው ረድፍ ከመኝታ ቤቱ በኩል ሲቆጠር አራተኛ ሆኖ ወጣ፤ ከእሱ በኋላ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ደረጃው።

ወንድሟ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ እያየ በአንድ ቀን ሦስቱን ሜትር ጨረሰ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ሜትር ጀመረ። እናትየው እሑድ ሊመጡ ነው።

እሷ ማድቤት ውስጥ ሆና በላፕቶፑ አራቱን ፎቶዎች አንድ ላይ ከፍታ ታያቸው ነበር። የምትፈልገው የተለየ ነገር አልነበረም፤ ልቧ ስላላረፈ ብቻ ነው። አበባውን ትታ ሌላውን ስታይ ጥላውን አየች። በሦስቱ ፎቶዎች ላይ የእጆቿና የስልኩ ጥላ ከታች፣ በማድቤቱ በኩል አርፏል። በአራተኛው ላይ ከላይ ነው።

ወደ መተላለፊያው ወጥታ ወንድሟን ቁም አለችው። ሁለት ረድፍ አንጥፎ ሦስተኛውን ሊያስቀምጥ ነበር።

መተላለፊያው የራሱ መስኮት የለውም። ፎቶው በተነሣ ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ለሥራው ተነቅሎ ነበርና ብርሃኑ ከዚያ ይገባል፤ የማድቤቱ በር አቧራ እንዳይገባ ተዘግቷል። ስለዚህ ጥላው ወደ ማድቤቱ መውደቅ አለበት። አራተኛው ፎቶ ተዘቅዝቋል ማለት ነው፤ ሻካራውም አራተኛ ሳይሆን ሁለተኛ ረድፍ ነው። እንደዚያ ከሆነ እናታቸው ሻካራውን ከረገጡ በኋላ የሚጨምሩት አንድ እርምጃ የሚያርፍበት ወለል አለው። አሁን በተያዘው አነጣጠፍ ግን የሚያርፈው አየር ላይ ነው።

ወንድሟ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ። የማድቤቱን በር ከፍቼ ውሃ ያመጣሁት ያኔ ነው፣ ከማድቤቱ መስኮት የሚገባው ብርሃን ደግሞ ይበረታል፣ ጥላውን ወደ ላይ የገፋው እሱ ነው አላት። ደግሞም አባታችን አበባ ዘቅዝቆ የሚያነጥፍ ሰው አልነበረም አለ። ይኼኛው ክርክሩ ከበድ ያለ ነበር። ከዚያ ሲሚንቶው እየያዘ መሆኑን፣ ነገ መፈንቀል ቢመጣ ባለ አበባዎቹ እንደሚሰበሩና እንደነሱ ያለ የትም እንደማይገኝ ነገራት። መወሰን ያለበት አሁን ነው።

ፎቶዎቹ የተነሡበትን ሰዓት ስልኩ መዝግቦታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል። የመኝታ ቤቱ በር ገና ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ ነው። በተነጠፈው ላይ ሳንቃ ዘርግታ ያን ጊዜ የቆመችበት ቆመች፤ ስልኩን እንደዚያው ዘረጋች። ወንድሟን ማድቤት አስገብታ በሩን ዝጋ አለችውና አነሣች። ክፈት አለችውና እንደገና አነሣች።

በሩ ሲዘጋ አንድ ጥላ ብቻ አለ፤ ወደ ማድቤቱ የወደቀ። በሩ ሲከፈት ሁለት ሆኑ፤ አንዱ ወደ ማድቤቱ፣ አንዱ ወደ መኝታ ቤቱ፣ ሁለቱም የሳሱ። የዚያን ቀኑን ፎቶ አጠገባቸው አደረገችው። ጥላው አንድ ነው፤ ጠርዙም አልሳሳም።

«በሩ ዝግ ነበር» አለችው። «አንተ የከፈትከው ኋላ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለ። የሲሚንቶ ማንኪያውን ግን አላስቀመጠም። «አበባውስ? አባዬ ሦስት ሜትር ሙሉ ወደዚህ አድርጎ፣ መጨረሻው ላይ ምን ነካውና ገለበጠው? ለጥላ ብዬ የሰውዬውን ሥራ አላፈርስም እኔ።»

እናታቸውን እንጠይቅ ያለው እሱ ነው። በሲሚንቶ እጁ ስልኩን መያዝ ስላልቻለ እሷ ደውላ ድምፁን ከፈተችው።

«እማዬ» አለ ወንድሟ፣ «ያ ሻካራው የለም? ከእሱ በኋላ እስከ ደረጃው ስንት ሴራሚክ ነው ያለው?»

«እኔ ምኑን አውቄው? እግሬ ነው የሚያውቀው። እሱን ጠይቀው።»

«በይ እንግዲያው ስልኩን እግርሽ ላይ አድርጊው።»

እናትየው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፤ አጠፋችሁት እንዴ አሉ። ልጅቷ አልዋሸችም። ቁጥሩ መጥፋቱን፣ ፎቶው መዞሩን፣ ሁለት ረድፍ መነጠፉን በሙሉ ነገረቻቸው።

«እሱን ቦታ አባታችሁ ሁለት ጊዜ ነው የሠራው» አሉ እናትየው። «መጀመሪያ ሻካራ አልነበረውም። ዓይኔ እንቢ ሲለኝ ነው አንሥቶ እንደገና ያነጠፈው። እኔ ማድቤት ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ እሱ ወሬ እንዳያመልጠው ፊቱን ወደኔ አዙሮ ተንበርክኮ ይሠራል። አንዷን ያስቀምጣል፣ ያወራል፣ አንዷን ያስቀምጣል፣ ያወራል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቢሠራ እኮ ገና ድሮ ይጨርስ ነበር።»

ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ። አንጣፊ አበባን የሚያቆመው ከራሱ አንጻር ነው፤ ግርጌው ወደ ጉልበቱ፣ ራሱ ወደ ፊቱ። ቀሪውን ሦስት ሜትር አባትየው የሠሩት ከመኝታ ቤቱ ጀምረው፣ ፊታቸውን ወደዚያ አድርገው፣ ወደ ማድቤቱ እያፈገፈጉ ነው። የመጨረሻውን ሜትር ግን የሠሩት ፊታቸውን ወደ ማድቤቱ አዙረው ነበር። ይህን ለእህቱ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ እሷም ለእሱ።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ እናትየው። «ሄጄበት እነግራችኋለሁ።»

ሁለቱን ረድፎች አንድ ባንድ ፈነቀላቸው። መሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀልድ የሚባል ሳይወጣው ነው የሠራው። የአንዷ ጥግ ብቻ ተሸረፈች፤ የእህል ቅንጣት ታህላለች። እሷ አሮጌውን ሲሚንቶ ፍቃ፣ አጥባ ታቀብለዋለች። አራተኛውን ፎቶ ከፍታ ቀስቷን ሁለት ጊዜ ነካችና አስቀመጠችው፤ ስልኩን ግድግዳ አስደግፋ ፊቱ አቆመችለት። ሻካራው በሁለተኛው ረድፍ ገባ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ረድፍ ደረጃው ጠርዝ ላይ ደረሰ።

እናትየው በማግስቱ ከሰዓት መጡ። መኝታ ቤት ገብተው ጫማቸውን አወለቁ። ወንድምየው ማድቤት ውስጥ ከደረጃው ሥር ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ልጅቷ ከኋላ ናት።

«እጅህን ዘርግተህ ከሆነ ሰብስብ» አሉት እናትየው። ሰበሰበ።

ሄዱ። ግድግዳውን አልነኩም። ሻካራው ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ቆሙ፤ ጣቶቻቸውን አንድ ጊዜ ዘርግተው አጠፉ። አንድ እርምጃ ጨመሩ። በሁለተኛው እግራቸውን ዝቅ አድርገው ማድቤት ገቡ፤ ብርጭቆ አንሥተው ከቧንቧው ውሃ ቀድተው ጠጡ።

እናትየው ብርጭቆውን አጥበው ካስቀመጡ በኋላ ተመልሰው ደረጃውን ወጡና ከሻካራው በታች ያለውን ለስላሳ ረድፍ በቀኝ እግራቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት።

«ይቺ፣ ከግድግዳው ሁለተኛዋ» አሉ፣ «ከፍ ብላለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም።»

«እማዬ፣ ውሃ ልክ አስቀምጬ ነው የሠራሁት» አለ ወንድምየው።

«እኔ እንጃ። እግሬ ነው ያለው።»

ወንድምየው እህቱን አያት። ልጅቷ የብረት ማስመሪያዋንና ቀጥ ያለ የመስታወት ቁራጭ አመጣች። ቁራጩን ከፍ ባለችው ላይ አጋድማ፣ ከሥሩ በጎረቤቷ ሴራሚክ ላይ የሚቀረውን ክፍተት ለካች። ከዚያ ከሻካራው ታችኛ ጠርዝ እስከ ደረጃው ለካች። ርቀቱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ሴራሚኳ በሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ብላለች።